ሁለት በር ፊት ስትቆሙ፦ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት

 

ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሰላት በኋላ ቤታችን ቡና ተፈልቶ ሳለ አንዲት የሰፈራችን ልጅ መጣች። በአካውንቲንግ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ስንት የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር እንደቆመች፣ ስንት ሲቪ ኮፒ እንዳስደረገች አላህ ነው የሚያውቀው። አሁን ግን ጭንቀቷ ሌላ ነው። አንድ የግል ትምህርት ቤት የሂሳብ ሠራተኛ አድርጎ ሊቀጥራት ወስኗል። «እስከ ሰኞ አሳውቂን፤ እሺ ካልሽ ዋስ ይዘሽ ቅረቢ» ብለዋታል። በሌላ በኩል የጽሑፍ ፈተናውን ያለፈችበት ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ አለ። ደመወዙ የትምህርት ቤቱን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ቃለ መጠይቁ ግን ገና ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ባለቤቴ ስኒውን እያቀበለቻት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማሽም?» አለቻት። እኔ ደግሞ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባልም አለ» አልኩ። ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «ሁለታችሁም ተረት ነገራችሁኝ እንጂ መልስ አልሰጣችሁኝም። እኔ የምፈራው ሥራው ያመልጠኛል ብዬ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤቱን እሺ ብዬ ብገባ፣ ባንኩ ሲጠራኝ ጥዬ ብወጣ፣ ወንጀል አለብኝ ወይ?»

ይህን ጥያቄ ይዤላችሁ የመጣሁት የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው። ከእናንተ መካከል አንዱ ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ ቆሟል። ሌላው ነገ ይቆማል። የማካፍላችሁ ፈትዋ አይደለም፤ ለፈትዋ ዑለሞቻችን አሉ። እኔ የማካፍላችሁ እንደ አንድ ታላቅ ወንድም ያሰብኩትን ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እናቅልለው። ገና «እሺ» ያላለ ሰው የማንም ባለ ዕዳ አይደለም። ሥራ ቀርቦላችሁ ማሰብ፣ ጊዜ መጠየቅ፣ ከሌላው ጋር ማወዳደር ክህደት አይደለም። ቀጣሪውም እናንተን ሲመርጥ ከሌሎች ጋር አወዳድሮ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ሁለት ቦታ መሞከር ይቻላል ወይ?» አይደለም። ይቻላል። ጥያቄው «እሺ» የምትለዋ ቃል ከአፋችን ስትወጣ ውስጧ ምን አለ የሚለው ነው።

በዚህ ጉዳይ ቁርኣን ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። ብዙ ጊዜ እናነበዋለን፤ ግን የሥራ ቅጥር ታሪክ መሆኑን ልብ አንለውም። ሱረቱል ቀሰስን ክፈቱ። ሙሳ (ዐለይሂ ሰላም) ከግብፅ ሸሽተው መድየን ደረሱ። ቤት የላቸውም፣ ዘመድ የላቸውም፣ ሥራ የላቸውም። በውኃው ዳር ሁለት ሴቶች መንጋቸውን ይዘው ወደ ኋላ ቆመው ሲያዩ አጠጡላቸው፤ ከዚያ ወደ ጥላው ዘወር ብለው ጌታቸውን ለመኑ። የለመኑት ይህን ሥራ ወይም ያንን ሥራ ብለው አልነበረም። አላህ የሚያወርድላቸውን ማንኛውንም መልካም ነገር ፈላጊ ድሃ መሆናቸውን ነበር የተናገሩት።

መልሱ ወዲያው መጣ። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ በሐያእ እየተራመደች መጥታ አባቷ እንደሚጠራቸው ነገረቻቸው። ቤት ሲደርሱ ልጅቱ አባቷን እንዲቀጥራቸው መከረችው፤ ከሚቀጠር ሰው ሁሉ የሚሻለው ብርቱና ታማኝ የሆነው ነው አለችው። አባትየውም የሥራ ሐሳብ አቀረበ፦ ከሁለቱ ልጆቹ አንዷን ሊድርላቸው፣ እሳቸውም ስምንት ዓመት ሊያገለግሉት፤ ዐሥር ቢሞሉት ግን ከራሳቸው በጎ ፈቃድ ነው፤ እሱ ሊያስጨንቃቸው አይፈልግም። ሙሳም ተቀበሉ፤ ከሁለቱ ጊዜያት የትኛውንም ቢፈጽሙ በደል እንደማይኖርባቸው ተናገሩ፤ በንግግራቸውም ላይ አላህን ምስክር አደረጉ።

እስቲ ይህን ውል ቀረብ ብለን እንየው። ውሉ ውስጥ ያልተወሰነ ነገር አለ፦ ስምንት ወይስ ዐሥር? ግን ያ ያልተወሰነ ነገር የተደበቀ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሽማግሌው ያውቀዋል፣ ሙሳም ያውቁታል፣ አላህም ምስክር ነው። ስለዚህ ስምንት ዓመት ሠርተው ቢሄዱ ማንም «ከዳኸን» ሊላቸው አይችልም ነበር። እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው፦ አማናን የሚያፈርሰው እርግጠኛ አለመሆን አይደለም። እርግጠኛ አለመሆንን ደብቆ እርግጠኛ መስሎ መታየት ነው።

ሌላው ደግሞ ቡኻሪ ከኢብኑ ዐባስ (ረዲየላሁ ዐንሁማ) እንደዘገቡት ሙሳ የፈጸሙት ረጅሙን ጊዜ ነው። ሕጉ በስምንት ይለቃቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ዐሥሩን ሞሉ። በጡር ተራራ በኩል እሳቱን ያዩትና ለታላቁ ኃላፊነት የተጠሩትም ያን የእረኝነት ዘመናቸውን ጨርሰው ከቤተሰባቸው ጋር ሲጓዙ ነው። ትንሹን ሥራ በታማኝነት መጨረስ ትልቁን አላስመለጣቸውም።

አሁን ወደ እኛ አገር ሕግ እንምጣ፤ የእኛም ውል ውስጥ ሁለቱም ወገኖች የሚያውቁት መውጫ አለና። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። አሠሪውም ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ሆኖ ካላገኘው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ደግሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይለቃል። ስለዚህ ሥራ ገብቶ በሥርዓቱ መልቀቅ በራሱ ቃል ማፍረስ አይደለም። የሱረቱል ማኢዳህ መክፈቻ ውሎችን እንድንሞላ ያዘናል፤ መውጫውም የውሉ አካል ነው።

«እንግዲያው ጨረስን፤ ልግባ፣ ባንኩ ሲጠራኝ በሙከራ ጊዜው ውስጥ እወጣለሁ» የሚል ይኖራል። ቆይ፣ አትቸኩል። ሕግ የሚፈቅደው ሁሉ ልብን አያጠራም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን እንዳስገቡና ጣታቸው እርጥበት እንዳገኘው በሙስሊም ዘገባ እናነባለን። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ ነክቶት ነው አለ። እሳቸውም ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። አስተውሉ፤ ዝናቡ የነጋዴው ጥፋት አልነበረም። እርጥብ እህል መሸጥም አልተከለከለም። ጥፋቱ ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከሥር ማድረጉ ነው።

የእኛም «እሺ» እንዲሁ ነው። ከላይ «በደስታ ተቀብያለሁ» የሚል ደረቅ ቃል አለ። ከሥሩ ደግሞ «ለሁለት ሳምንት ነው» የሚል እርጥበት። ትምህርት ቤቱ ያንን ቃል ተቀብሎ ሌሎቹን አመልካቾች ያሰናብታል፤ ሥራውን የሚያስተምራት ሰው ይመድብላታል፤ ሰነዱንና ካዝናውን ያስረክባታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁሉንም እንደገና ይጀምራል። በመሐል የተሰናበተችው ሌላዋ ልጅ ደግሞ ቤቷ ቁጭ ብላ «ለምን አልጠሩኝም?» እያለች ነው።

እዚህ ላይ ተስፋንና ዕቅድን እንለይ። «አንድ ቀን የተሻለ ነገር ቢመጣ እሄዳለሁ» የሚለው ተስፋ ነው። ይህ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ልብ ውስጥ አለ፤ ቀጣሪውም ያውቀዋል፤ ማንም ለማንም ሊናዘዘው አይገደድም። «በዚህ ቀን ቃለ መጠይቅ አለኝ፤ ካለፍኩ በማግስቱ እወጣለሁ» የሚለው ግን ዕቅድ ነው። ቀን ተቆርጦለታል። ራሳችሁን የምትመዝኑበት አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ፦ ቀጣሪዬ አሁን በልቤ ያለውን ቢሰማ ይህችኑ ደብዳቤ ይሰጠኝ ነበር? ተስፋችሁን ቢሰማ ፈገግ ብሎ ይፈርማል። ዕቅዳችሁን ቢሰማ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። እስክሪብቶውን የሚያስቀምጥበት ነገር ካለ መናገር ያለባችሁ እሱን ነው።

አውቃለሁ፣ አሁን ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ልትሉኝ ትፈልጋላችሁ። «ወንድማችን፣ እነሱስ መቼ ለእኛ አሰቡ? ፈትነውን ውጤት አይነግሩንም። ሰው ከመረጡ በኋላ ለይስሙላ ቃለ መጠይቅ ይጠሩናል። የወር ደመወዛችንን ያዘገያሉ። ሲፈልጉ በአንድ ቀን ያሰናብቱናል። እኛ ብቻ ነን ታማኝ የምንሆነው?»

ቅሬታችሁ እውነት ነው፤ አልክድም። ለአምስት ቀን እንኳ አልጠብቅም ብሎ ሰው የሚያስጨንቅ ቀጣሪም በአላህ ፊት የራሱ ጥያቄ አለበት። ግን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ሑዘይፋ ኢብኑል የማን (ረዲየላሁ ዐንሁ) በድር ላይ ያልተገኙት ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በሙስሊም ዘገባ ራሳቸው ይነግሩናል። ከአባታቸው ጋር ወደ መዲና ሲጓዙ ቁረይሾች ያዟቸው፤ ከነቢዩ ጋር ሆነው እንዳይዋጉም ቃል አስገብተው ለቀቋቸው። መጥተው ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነገሩ። በዚያ ቀን ሙስሊሞች ሦስት መቶ ዐሥራ ጥቂት ነበሩ፤ ጠላት ወደ አንድ ሺህ ይጠጋል። ሁለት ሰው ማለት ብዙ ነበር። ሆኖም ረሱል ቃላቸውን እንዲሞሉላቸው አዘዟቸው፤ እርዳታውን ከአላህ እንደሚፈልጉም ነገሯቸው። ቃሉ የተገባው ለበዳዮች፣ ያውም በግዴታ ነበር። ቢሆንም ተከበረ። አማና የሌላው ሰው ጠባይ ነጸብራቅ አይደለችም፤ ለማን ታማኝ እንደሆንን ሳይሆን ማን እንደሆንን ነው የምትናገረው።

ይህን ስል የተቸገረውን ሰው እየወቀስኩ አይደለም። የቤት ኪራይ ቀኑ የደረሰበት፣ የታመመች እናት ያለችው፣ ታናናሾቹ ከእጁ የሚበሉ ወጣት አለ። እሱ «ሁለት ሳምንት ጠብቅ» ቢባል የሚጠብቅበት አቅም የለውም። ይህ ሰው የተገኘውን ይያዝ። ከልቡ ይሥራ። ነገ ሌላ በር ቢከፈትለት በውሉ መሠረት አሳውቆ፣ ሥራውን አስረክቦ፣ መልቀቂያውን ይዞ ይውጣ። ከእሱ የሚጠበቀው በምላሱ አለመዋሸት ነው፤ «ሌላ የምትጠብቀው አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ «የለም» አለማለት ነው። ድህነት ብዙ ነገር ያቀላል፤ ውሸትን ግን ለልማድ አትስጡት። አንዴ ለደመወዝ የዋሸ ምላስ ነገ ለካዝና አይቸገርም።

መጠበቅ የምትችሉትስ ምን ታደርጋላችሁ?

አንደኛ፣ ጊዜ ጠይቁ፤ ምክንያቱንም ንገሩ። «ከእናንተ በፊት የጀመርኩት ሌላ ሂደት አለ፤ እስከዚህ ቀን ልትጠብቁኝ ትችላላችሁ?» ማለት ነውር አይደለም። ሌላውንም ወገን ጠይቁ፤ ቃለ መጠይቁ ሊቀድም ይችል እንደሆነ። ያልተጠየቀ አይመልስም። ምናልባት እምቢ ይላሉ። እምቢታቸው ግን ከጭንቀት ይገላግላችኋል፤ ምርጫችሁን ጥርት አድርጎ ያሳያችኋል።

ሁለተኛ፣ የሚያውቅ ሰው አማክሩ። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ሁለት ሰዎች ለትዳር ጠይቀዋት ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) አማከረች። እሳቸውም ዝም ብለው «ሁለቱም ጥሩ ናቸው» አላሏትም። የአንዱን ገንዘብ ማጣት፣ የሌላውን ኃይለኝነት በግልጽ ነገሯት፤ ከዚያም እሷ ያላሰበችውን ሦስተኛ ሰው፣ ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን ጠቆሟት። መጀመሪያ አልወደደችውም፤ በኋላ ግን ብዙ መልካም አገኘችበት። ስለዚህ ስለ ሥራው ስትጠይቁ እዚያ የሠራ ሰው ፈልጉ። ደመወዝ በወቅቱ ይከፈላል ወይ? የጁሙዓ ሰዓት ይፈቀዳል ወይ? ሰው ለምን ለቀቀ? ደመወዙ እጥፍ የሆነ ቦታ ሁሉ ሕይወቱ እጥፍ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ኢስቲኻራ ስገዱ። ጃቢር (ረዲየላሁ ዐንሁ) እንደነገሩን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከቁርኣን ሱራ እንደሚያስተምሯቸው ያህል ኢስቲኻራን በሁሉም ጉዳይ ያስተምሯቸው ነበር። ከፈርድ ውጭ ሁለት ረከዐ፣ ከዚያ ዱዓው። ብዙዎቻችን ሰግደን እንተኛና ሕልም እንጠብቃለን። ነጭ ካየሁ ባንኩ፣ ጥቁር ካየሁ ትምህርት ቤቱ! ሐዲሱ ውስጥ ስለ ሕልም የተነገረ ነገር የለም። ዱዓው የሚለምነው ነገሩ ለዲናችን፣ ለኑሯችንና ለፍጻሜያችን መልካም ከሆነ እንዲገራልን፣ መጥፎ ከሆነ ከእኛ እንዲርቅ ነው። ደግሞም እኛም ከእሱ እንድንርቅ፣ መልካሙ ባለበትም እንድንወድለት። ያቺን «እኛም ከእሱ እንድንርቅ» የምትለዋን አትርሷት። አንዳንድ ሥራ ከእጃችን ይወጣል፤ ከልባችን ግን ዓመት ሙሉ አይወጣም። ዱዓው ለሁለቱም ነው።

አራተኛ፣ ወስኑ፤ ወስናችሁም መልሱን ቶሎ ተናገሩ። ስልክ አለማንሳት መልስ አይደለም። እምቢ የምትሉ ከሆነ በአክብሮት እምቢ በሉ፤ በዝምታችሁ ሥር ተራውን የሚጠብቅ ሌላ የሰው ልጅ አለ። እሺ የምትሉ ከሆነ ደግሞ ሙሉ እሺ ይሁን።

ልጅቷ ምን ወሰነች? እሁድ ዕለት ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ ደውላ እውነቱን ነገረችው። ሰውየው ትንሽ ዝም አለ። የክፍያ መሰብሰቢያ ወቅት ስለደረሰባቸው ሁለት ሳምንት መጠበቅ እንደማይችሉ፣ እስከ ረቡዕ ግን እንደሚታገሳት ነገራት። ባንኩም ቀኑ እንደማይቀየር አሳወቃት። አባቷ ሾፌር ነው፣ ወንድሟም ይሠራል፤ ቤታቸው ሁለት ሳምንት መጠበቅ ይችላል። ሰገደች፣ አማከረች፣ ረቡዕ ጠዋት ደውላ ይቅርታ ጠየቀች። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን አብራት የተማረች፣ እንደ እሷው ሥራ ያላገኘች ጓደኛዋን ስም ጠቆመች። ትናንት ያቺን ጓደኛዋን ጠርተዋታል።

እናቷ እስካሁን ተቆጥታለች። «በእጅሽ የገባውን!» ትላለች። እውነቷን ነው፤ እናት ናት። ቃለ መጠይቁ ገና ነው። ታልፋለች? አላውቅም። ቢሳካላት «አየህ፣ እውነት በመናገሯ አላህ ካሳት» ብዬ ልጽፍላችሁ አልፈልግም። ባይሳካላትም «ቸኩላ ጣለች» ብዬ አልፈርድባትም። ውሳኔ የሚመዘነው በወሰንበት ቀን በነበረን ዕውቀትና በነበረን ኒያ ነው፤ ውጤቱ የአላህ ነው። ትምህርት ቤቱን እሺ ብላ ባንኩን ብትተወውም በእኔ ዓይን ልክ ነበረች። ልክ የማትሆነው ሁለቱንም በውሸት ብትይዝ ነበር።

ከእሷ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የጓደኛዋ ነገር ነው። ያ ሥራ ለካ የእሷ አልነበረም፤ የጓደኛዋ ሪዝቅ ነበር። ለአንድ ሳምንት በእሷ እጅ አለፈ እንጂ። ለሁለት ሳምንት ብላ ይዛው ቢሆን ኖሮ የማን እንደሆነ ሳታውቅ በር ላይ ቆማ ነበር። ወፎች በማለዳ ተርበው ወጥተው ማታ ጠግበው እንደሚመለሱ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ወፏ ትወጣለች፤ ጎጆዋ ውስጥ ቁጭ አትልም። ነገር ግን የሌላዋን ፍሬ ታቅፋ አታድርም።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሱረቱል ጁሙዓ ሰላቱ ሲያልቅ በምድር ላይ ተበትነን ከአላህ ችሮታ እንድንፈልግ ያዘናል፤ በዚያው አንቀጽ ላይ አላህን በብዛት እንድናስታውስም ያዘናል። ሥራ ፍለጋና ዚክር አንድ ላይ ናቸው። ከመስጊድ ወጥታችሁ ስልካችሁን ስትከፍቱ መልስ የምትጠብቅ አንዲት መልእክት ካለች፣ ዛሬውኑ መልሱላት። እውነቱን መልሱላት።

ያ አላህ! ሥራ ፈላጊ ወጣቶቻችንን ሐላልና በረካ ያለበት ሪዝቅ ወፍቃቸው። ቃላቸውን ከልባቸው ጋር አንድ አድርግላቸው። የሰጠሃቸውን አስወድዳቸው፤ የከለከልካቸውንም ከልባቸው አውጣላቸው። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማብዛት አትርሱ። ጁሙዓ ሙባረክ።